ፑል ስትጫወቱ ስቲኩን ከፍ የምታደርጉት ለምንድን ነው?

ጎበዝ ተጫዋች ሲመታ ልብ ብላችሁ እዩ። የስቲኩ (የመምቻው ዘንግ) ኋላ ሁሌም ትንሽ ከፍ ይላል። ለቄንጥ እንዳይመስላችሁ። የፑል ኳስ ስፋቷ 57 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መሃሏ ከጨርቁ 28 ሚሊ ሜትር ተኩል ላይ ነው። የጠረጴዛው የዳር ጎማ ግን 36 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ስቲኩ ጎማውን ተሻግሮ መሃሏን ለማግኘት የግድ ወደ ታች ማዘንበል አለበት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት ስቲኩን ፍጹም አግድም ለማድረግ መታገል ነው። ትርፉ የጣት አንጓን ከጠርዙ ጋር ማጋጨት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል፦ ያለ ምክንያት ከፍ ማድረግ። ከላይ ወደ ታች የተመታች ነጭ ኳስ ጨርቁን ትጫንና ትነጥራለች። ዝላይዋ በዓይን ላይታይ ይችላል። ግን አየር ላይ እያለች ሌላዋን ኳስ ካገኘች የምትነካው ካሰባችሁት ቦታ አይደለም። ኳሷም ቀዳዳው አፍ ላይ ትቀራለች፤ እኛም ጠረጴዛውን እንረግማለን። ከመሃሏ ወደ ግራ ከመታችኋት ደግሞ መንገዷ ወደ ግራ ይጎብጣል። ቀስ ብላችሁ በሩቅ ስትመቱማ በጣም ይታወቃል። ከፍ ካደረጋችሁ መሃሏን ብቻ ምቱ።

ከነጯ ኳስ ኋላ ሌላ ኳስ ተገትራ መንገድ ከዘጋችባችሁስ? እዚህ ላይ ከፍ ማድረግ ግዴታ ነው። ብዙ ሰው ግን የኋላ እጁን ብቻ ያነሳል። ጠረጴዛው ላይ ያለውንም እጅ በጣቶቻችሁ ጫፍ አቁሙት፤ ከዚያ በስሱ ምቱ። የምን ጉልበት!

ኳስ ለማዝለል ከሥሯ መቆፈርስ? ይህ የእኔ ስህተት ነበር። በፑል ሕግ ዝላይ የሚፈቀደው ከላይ ወደ ታች ሲመታ ነው፤ ከሥር ማንሳት ፋውል ነው። የፑል ዘመድ በሆነው ስኑከር ላይ እንዲያውም ኳስ አዝልሎ ማሳለፍ ራሱ ፋውል ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሰፈራችን ፑል ቤት የስቲኩን ጫፍ ከኳሷ ሥር ሰደድኩት። ጨርቁ ተቀደደ። ኳሷ ንቅንቅ አላለችም። ባለቤቱ መጣ፣ ቀዳዳውን በጣቱ ለካና «በል ኪስህን ዳብስ» አለኝ። የተሸነፈ ሒሳብ ይከፍላል በተባለበት ጨዋታ፣ እያሸነፍኩ የከፈልኩት እኔ ነኝ።