ማጣሪያው ሲታመም፦ የፋብሪካ ፍሳሽ ችግርና መፍትሄ

የበሬሳ ወንዝ ከደብረ ብርሃን ወደ ጀማ ወንዝ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከብት ይጠጣዋል፤ አትክልት ይለማበታል። የፋብሪካ ፍሳሽ ማጣሪያ ሲበላሽ ጉዳቱ ከአጥር ውጭ ያለውን ሰው ያገኛል። ፍሳሹን የሚያጸዱት ደግሞ ባክቴሪያዎች ናቸውና፣ ሞተር ከመፍታት በፊት ምን እንደተለቀቀባቸው መጠየቅ ይገባል።

ችግር፦ ውሃው ደፍርሶ ይወጣል፤ ዝቃጩ (ባክቴሪያዎቹ ያሉበት ጭቃ) አይረጋም።
በመጀመሪያ ባክቴሪያዎቹ በሚሠሩበት፣ አየር በሚነፋበት ገንዳ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይለኩ። አየር ማስገቢያው ሳይነካ ኦክስጅኑ ካሻቀበ ባክቴሪያዎቹ መተንፈስ አቁመዋል፤ ተመርዘዋል። ከቆዳ ማልፊያ የመጣ ክሮም፣ ከጋን እጥበት የመጣ ኮስቲክ ሶዳ ወይም ፀረ ጀርም ሊሆን ይችላል። ኦክስጅኑ ካሽቆለቆለ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ከቢራ ወይም ከምግብ ፋብሪካ የመጣው ቆሻሻ ከአቅማቸው በላይ ሆኗል። ያኔ አየር ይጨምሩ፣ የሚገባውን ፍሳሽ ይቀንሱ።

ለተመረዘ ገንዳ አየር መጨመር ኤሌክትሪክ ማባከን ነው። መግቢያውን ይዝጉ፤ ፍሳሹን ወደ መጠባበቂያ ገንዳ ይመልሱ፤ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ከ6.5 እስከ 8.5 ባለው መካከል ያድርጉ፤ ከዚያ ከጤነኛ ማጣሪያ ዝቃጭ አምጥተው ይጨምሩበት። ዘላቂው መፍትሄ ግን ከምንጩ ነው። የክሮም ፍሳሽ ከሌላው ሳይቀላቀል ለብቻው ተይዞ፣ ፒኤቹ በኖራ ወደ 8.5 ገደማ ከፍ ሲል ክሮሙ ይዘቅጣል። ይህን ዝቃጭ ለማሳ ማዳበሪያ መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

ችግር፦ በብርድ ወራት በፍሳሹ ያለው አሞኒያ (ናይትሮጅን ያዘለ በካይ) አይቀንስም።
አሞኒያን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ውሃው ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ እጅግ ይዘገያሉ። የሚወገደውን ዝቃጭ ይቀንሱ፣ በገንዳው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይ። በተጨማሪ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው፤ በቆላ ስሌት የተገዛ አየር ማስገቢያ እዚህ አይበቃም።

ችግር፦ ውሃው ቀለም ይዞ ይወጣል።
የጨርቅ ማቅለሚያን ባክቴሪያ በቀላሉ አይፈታውም። በኖራና በብረት ጨው ያዝቅጡት። ንጹህ ውሃ ጨምሮ ማቅጠን ማታለል ነው፤ ወንዙ የሚቀበለው ቀለም መጠኑ ያው ነው።

ችግር፦ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል።
ከቆዳ ጸጉር ማስለቀቂያ የመጣ ሰልፋይድ ሊሆን ይችላል። አሲድ ካገኘው ገዳይ ጋዝ ይሆናል፤ ሁለቱ በአንድ ቱቦ አይገናኙ። ማንም ሰው ጋዝ ሳይለካ ወደ ጉድጓድ አይውረድ። ሽታው ድንገት ቢጠፋም አይመኑ፤ ጋዙ ሲበዛ ማሽተትን ያደነዝዛል።