ቶረስ ሲንጫጫ፦ ቺንጊያውን ተዉት

ፎርድ ቶረስ ለገበያ የቀረበው በ1985 ማብቂያ ላይ ነው (እ.ኤ.አ.)። ከ1992 እስከ 1996 አሜሪካ ውስጥ በሽያጭ አንደኛ መኪና ነበር። አሁን ጋራዥ የሚመጣው በብዛት እስከ 2007 ሞዴል ያለው ባለ 3.0 ሊትር ቩልካን ሞተር ነው።

ይግላል፣ ነጭ ጭስ አለው፣ ውሃ ይጨርሳል
ሞተሩ ባለ 3.8 ሊትር ከሆነ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው ነው። ፎርድ ራሱ ለ1994 እና 1995 ሞዴሎች ዋስትናውን አራዝሞለት ነበር። ቴስታታው ሳይላግ አዲስ ጓርኒሲዮን አትግጠሙ።

ሂተሩ አይሞቅም
የራዲያተሩ ውሃ ቡናማ ከሆነ ዝገት ሂተሩን ደፍኖታል። ውሃ በተቃራኒ አቅጣጫ እየገፋችሁ እጠቡት።

ሞተሩ ሲሞቅ እንደ ወፍ ይንጫጫል
ዋናው ጉድ ይሄ ነው። ባለቤቱ ቺንጊያ ይቀይራል፣ ይንጫጫል። ወጣሪውን ይቀይራል፣ አሁንም ይንጫጫል። አንዱ ዲናሞ ሁሉ ቀይሮ ነው የመጣው!

ቺንጊያውን አውልቁና ሞተሩን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አስነሱ። ድምፁ ካልጠፋ የካምሻፍት ሲንክሮናይዘሩ ነው፤ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) የሚያዞረው፣ አናቱ ላይ ሴንሰር ያለበት ትንሽ ዘንግ ማለት ነው። ድሮ ዲስትሪቢዩተር (ለሻማዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው) የነበረበት ቦታ ላይ ቆሟል። የላይኛው ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበት የብረት ቀለበት) ዘይት ሲያጣ ይደርቅና ይጮኻል። ክፋቱ፣ የዘይት ፖምፓውን የሚያዞረው ይሄው ዘንግ ነው። ከያዘና ጥርሱ ከተበላ ፖምፓው ይቆማል።

አንድ ደንበኛ "ሬዲዮ ከፍ ሳደርግ አይሰማኝም" ብሎኝ ሄደ። ሃይዌይ ላይ የዘይት መብራት በራበት። እስከሚቀጥለው መውጫ ልድረስ አለ። ሞተሩ ግን አልደረሰም። የዘይት መብራት ሲበራ እዚያው አጥፉ፤ እዚያው!

ኮምፒውተሩ ፒ0340 (የካምሻፍት ሴንሰር ችግር ኮድ) ሲሰጥ ከላይ ያለውን ሴንሰር ብቻ ቀይረው የሚሸኙ አሉ። የቼክ ኢንጅን መብራቱ ይጠፋል፣ ዘንጉ መድረቁን ይቀጥላል። ሲንክሮናይዘሩን ሙሉውን ቀይሩ። ከላይ ዘይት መርጨትም ለሁለት ቀን ዝም ማሰኘት ነው እንጂ ጥገና አይደለም።

ስትቀይሩ አንደኛውን ፒስቶን በመጭመቂያው ምት ጫፍ ላይ አቁሙ። ጥርሱ ሰያፍ ስለሆነ ዘንጉ ሲገባ ይዞራል፤ ማስተካከያ መሣሪያው የግድ ነው። በዓይን ግምት ከተገጠመ ሞተሩ ይነሳል፣ ግን ነዳጅ ይበላል፣ መብራቱም አይጠፋም። አሮጌውን ስታወጡ የፖምፓው ስድስት ማዕዘን ዘንግ አብሮ እንዳይመጣ። ካርተር (የሞተሩ የታችኛው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ከወደቀ ቀናችሁ አለቀ። ርካሹን ዕቃ ደግሞ አትግዙ፤ ተገጥሞ ሳይከርም መንጫጫት የጀመረ አይቻለሁ።

ከፊት ቋ ይላል
የፊት ሞላ ዝጎ ተሰብሯል። ስባሪው ጎማ ይወጋል፤ ሳትቀይሩ አትንዱ።