የፈረንሳይ ፖለቲከኛን የሥልጣን ጉዞ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀምሮ ማንበብ፦ በፒየር ሞርዋ እንሞክረው

የፈረንሳይ ፖለቲከኛ የሕይወት ታሪክ ስታነቡ መጀመሪያ የሚገጥማችሁ የሹመት መዓት ነው። ከንቲባ፣ እንደራሴ፣ የክልል ፕሬዚዳንት፣ ሚኒስትር፣ ሴናተር፣ የፓርቲ አንደኛ ጸሐፊ። ዓመቶቹ ይደራረባሉ፤ ሰውየው በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ወንበር ላይ የተቀመጠ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ እውነትም ተቀምጧል። አብዛኛው አንባቢ ታዲያ ትልቁን ሹመት ብቻ ያይና «ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር» ብሎ ያልፋል። እኔ የምመክራችሁ ተቃራኒውን ነው። ከታች ጀምሩ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ።

ለመለማመጃ ሶሻሊስቱን ፒየር ሞርዋን እንያዝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) በ1928 በሰሜን ፈረንሳይ ካርቲኒ የምትባል መንደር ውስጥ ተወለደ፣ አባቱ አስተማሪ ነበሩ፣ እሱም የቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ፣ በ2013 አረፈ። በጠቅላይ ሚኒስትርነት የቆየው ሦስት ዓመት ገደማ ነው፤ የሰሜን ፈረንሳይ ትልቅ ከተማ በሆነችው በሊል ከንቲባነት ግን 28 ዓመት። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸውና የትኛው የሰውየው ዋና ሥራ እንደነበረ ራሳችሁ ፍረዱ።

አሁን ወረቀት ውሰዱና መሀሉን በመስመር ክፈሉት። ግራው የአካባቢ፣ ቀኙ የአገር። መረጃውን ከየት እናምጣ ካላችሁ፣ የብሔራዊ ምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ሲኮሞር የሚባል ከ1789 ጀምሮ የነበሩትን እንደራሴዎች የያዘ ማኅደር አለ፣ ሴኔቱም ለቀድሞ አባላቱ የራሱ ገጽ አለው። ሹመቱን ብቻ አትጻፉ፤ የጀመረበትንና የለቀቀበትን ዓመት ጻፉ። ያለ ዓመት ይህ ሥራ ምንም አይነግራችሁም።

ከሹመቱ በፊት ያለውን ነገር አትዝለሉ። ሞርዋ ምንም ሥልጣን ሳይኖረው በ1950ዎቹ የሶሻሊስት ወጣቶች መሪ ነበር፣ በአስተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ሠርቷል፣ ሌዎ ላግራንዥ የሚባለውን የወጣቶችና የሕዝብ ትምህርት ማኅበር አቋቁሟል። ከኋላው የተሰለፈው ሰው ከዚያ የመጣ ነው። የፈረንሳይ ፖለቲከኞች ብዙዎቹ ከታላላቅ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወጥተው በሚኒስትር ጽሕፈት ቤት በኩል ነው የሚገቡት፤ እሱ የገባው በሌላ በር ነው፣ ልዩነቱም እስከ መጨረሻው ይታያል።

ወደ ግራው ዓምድ እንሂድ። 1967፣ ለ ካቶ ከሚባል አካባቢ ተመርጦ የኖር ዲፓርትመንት (በከተማና በክልል መካከል ያለ አስተዳደር) ምክር ቤት ገባ። 1971፣ የሊል ተቀዳሚ ምክትል ከንቲባ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ፤ «ተቀዳሚ ምክትል» የሚል ቃል ባያችሁ ቁጥር አስምሩበት። ፈረንሳይ ውስጥ ሕዝቡ ከንቲባውን በቀጥታ አይመርጥም። ለስድስት ዓመት የሚሆን ምክር ቤት ይመርጣል፣ ምክር ቤቱ ደግሞ በመጀመሪያ ስብሰባው ከንቲባውን ይመርጣል። ስለዚህ አንድ አንጋፋ ከንቲባ በመሀል ቢለቅ፣ ተተኪውን የሚመርጠው ያው ምክር ቤት ነው፣ ዕድሉም በአብዛኛው የተቀዳሚ ምክትሉ ነው። ሊል ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ከንቲባው ኦጉስተን ሎራን በ1973 ለቀቁ፣ ሞርዋ ተተካ። በዚያው ዓመት ለብሔራዊ ምክር ቤት ተመረጠ። በ1974 ደግሞ የኖር ፓ ደ ካሌ ክልል ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነ።

ሦስቱንም አንድ ላይ ነው የያዘው። ይህ ለእኛ ግራ ያጋባል፣ እዚያ ግን የተለመደ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ እንኳ ከንቲባነቱን አልተወም። ስለዚህ መደራረቡን ስታዩ ሕጉ በዚያ ጊዜ ምን ይል እንደነበር አረጋግጡ። መጀመሪያ በ1985፣ ቀጥሎ በ2000 ገደብ ተደረገ፤ በ2014 የወጣው ሕግ ደግሞ እንደራሴ ወይም ሴናተር የሆነ ሰው ከንቲባ ወይም የክልል ፕሬዚዳንት ሆኖ እንዳይቀጥል ከልክሏል፣ ከ2017 ጀምሮም ተግባራዊ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለን ፖለቲከኛ በሞርዋ ዘመን ሚዛን ብትመዝኑት ትሳሳታላችሁ።

የቃሉም ትርጉም በየዘመኑ ይለያያል። በ1974 «የክልል ፕሬዚዳንት» ማለት ዛሬ የምናውቀው ሰው አይደለም። ያኔ የክልል ምክር ቤት አባላት በቀጥታ በሕዝብ አይመረጡም፣ ሥልጣኑም በአብዛኛው ከፓሪስ የሚላከው ፕሬፌ እጅ ነበር። የመጀመሪያው ቀጥተኛ የክልል ምርጫ የተካሄደው በ1986 ነው።

ይህን የቀየረው ማን ነው? ሁለቱን ዓምዶች የሚያገናኘው ነገር እዚህ ጋ ነው፣ እኔም በጣም የምወደው ክፍል ነው። በግንቦት 1981 አዲሱ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ሚተራን ሞርዋን ጠቅላይ ሚኒስትር አደረጉት። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ጋስቶን ደፌር ሲሆኑ፣ እሳቸውም የማርሴይ ከንቲባ ናቸው። ሁለት ከንቲባዎች መንግሥት ሲይዙ በመጋቢት 1982 ያወጡት ሕግ የዲፓርትመንቱን አስፈጻሚ ሥልጣን ከፕሬፌው ወስዶ ለተመረጠው የዲፓርትመንቱ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሰጠ፣ የማዘጋጃ ቤት ውሳኔ ገና ከመጽደቁ በፊት በፕሬፌ የሚታይበትን አሠራርም አስቀረ። ይህ ከመጽሐፍ የተገኘ ሐሳብ አይደለም። ለዓመታት እያንዳንዱን ነገር ፓሪስን ሲያስፈቅዱ የኖሩ ሰዎች ሥራ ነው። የዚያ መንግሥት ሌሎች ሥራዎች፣ የሞት ቅጣት መቅረት፣ በ60 ዓመት ጡረታ፣ አምስተኛው ሳምንት የዓመት ፈቃድ፣ ሁሌም ይጠቀሳሉ። ይኸኛው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ ያሳዝነኛል።

በቀኙ ዓምድ ላይ የመውጫውን ምክንያትም ጻፉ። መጋቢት 1983 የከተማ ምርጫ ነበር፤ የግራ ፓርቲዎች ብዙ ከተማ አጡ፣ ሊል ግን ከሞርዋ ጋር ቀረች። ምርጫው ካለቀ በኋላ በዚያው ወር የፍራንክ ዋጋ ለሦስተኛ ጊዜ ተቀነሰ፣ መንግሥትም ቀበቶ ወደ ማጥበቅ ዞረ። በ1984 ደግሞ የግል ትምህርት ቤቶችን የሚመለከተው የትምህርት ሚኒስትሩ የሳቫሪ ረቂቅ ሕግ እጅግ ብዙ ሰው ሰልፍ አስወጣ፣ ሚተራን ረቂቁን ተዉት፣ ሞርዋም በሐምሌ ሥልጣን ለቀቀ። የሚገርመው ይኸው ሚኒስትር አላን ሳቫሪ በ1969 ሞርዋ ይይዘዋል የተባለውን የፓርቲውን አመራር የወሰደው ሰው ነው። ስሞች በሌላ ዘመን ተመልሰው ሲመጡ ማስታወሻ ያዙ።

ከሥልጣን ሲወርድ የት ሄደ? ወደ ከተማው። ሊል በ1983 ሾፌር የሌለው ሜትሮዋን ከፍታ ነበር። በጥር 1986 ሚተራንና የእንግሊዟ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ፈረንሳይንና እንግሊዝን የሚያገናኝ የባሕር ሥር ዋሻ እንደሚሠራ ያስታወቁት እዚያው ሊል ነው፣ ሞርዋም ፈጣኑ ባቡር ከተማውን ወደ ጎን ትቶ እንዳያልፍ፣ መሀሏን አቋርጦ እንዲሄድ አጥብቆ ታገለ። የዩራሊል ሰፈር የተገነባው ከዚያ በኋላ ነው። የድንጋይ ከሰሉና የጨርቃ ጨርቁ ኢንዱስትሪ ለወደቀበት አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

በ1992 ሴናተር ሆነ፣ እስከ 2011 ቆየ። ሴናተር የሚመረጠው በሕዝብ ሳይሆን በአብዛኛው በማዘጋጃ ቤቶች ተወካዮች ነው፣ ስለዚህ የድሮ ከንቲባ እዚያ ስታገኙት አትገረሙ።

ፈረንሳይ ለምትኖሩ አበሾች አንድ ነገር ልጨምር። ሚተራን በ1981 ከገቡት ቃል አንዱ ውጭ አገር ሰዎች በከተማ ምርጫ እንዲሳተፉ ማድረግ ነበር። አልተፈጸመም። ዛሬም ያለ ፈረንሳይ ዜግነት በከተማ ምርጫ ድምፅ የሚሰጡት የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ የአንድን ፖለቲከኛ ታሪክ ስታነቡ ቃል ገብቶ ያልፈጸመውንም ከወረቀቱ ግርጌ ጻፉ።

ይህን ከጨረሳችሁ በሌላዋ ሶሻሊስት በማርቲን ኦብሪ ሞክሩት። በ1995 ሊል ገብታ የሞርዋ ተቀዳሚ ምክትል ሆነች፣ በ1997 ሚኒስትር፣ በ2001 ከንቲባ፣ በ2002 የእንደራሴነት ወንበሯን አጣች፣ ከ2008 እስከ 2012 ፓርቲውን መራች። ግራና ቀኙን ራሳችሁ ሙሉት።