የተረፈ ሰላጣን ሳይበላሽ እንዴት መጠቀም ይቻላል

ከጓሮ የተሰበሰበም ሆነ ከገበያ የተገዛ ሰላጣ በአንድ ገበታ ከሚበላው በላይ ሆኖ መትረፉ የተለመደ ነው። ከክብደቱ 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ስለሆነና ከተቆረጠ በኋላም ቅጠሎቹ እርጥበታቸውን መልቀቃቸውን ስለማያቆሙ፣ ዛሬ ጥርት ብሎ የቆመው ቅጠል በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠወልጋል። ብዙ ሰው ትርፉን ለመጨረስ በየቀኑ ጥሬውን ቆራርጦ ለማቅረብ ይሞክራል፤ ይህ ለአንድ ራስ ሰላጣ ቢሠራም ለአራትና ለአምስት ራስ አይሠራም። ትርፉ ብዙ ሲሆን መፍትሔው እሳት ነው። አንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን የሞላ ቅጠል ድስት ውስጥ በገባ በ2 ደቂቃ ውስጥ ሟሙቶ ከጭብጥ ብዙም የማይበልጥ ይሆናል። ሰላጣ የሚበስል ቅጠል መሆኑን ብዙዎች አያስቡትም እንጂ፣ ሲበስል ለስላሳና ጣፈጥ ያለ አትክልት ነው።

መለየት

ምንም ከመሥራትዎ በፊት ያለዎትን ሰላጣ በሙሉ ጠረጴዛ ላይ አውጥተው በሦስት ይክፈሉት፦ ጥርት ያለው፣ የጠወለገው፣ የበሰበሰው። የበሰበሰ የሚባለው ዝልግልግ ያለ፣ የጠቆረ ወይም ሽታው የተለወጠ ቅጠል ነው፤ እሱንም፣ ዝልግልጉ የነካቸውን አጠገቡ ያሉ ቅጠሎችንም ያስወግዱ። ማጠብም ሆነ ማብሰል የበሰበሰውን አያድነውም። በአንጻሩ የተቆረጠው ጫፍ ወይም የቅጠሉ አጥንት ወደ ሮዝ ወይም ቡናማ ስለተለወጠ ብቻ ሰላጣው ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ይህ የተቆረጠው ክፍል አየር ሲነካው የሚመጣ የቀለም ለውጥ ስለሆነ፣ ያንን ብቻ ቆርጦ መጣል ይበቃል።

ጥርት ያለውን ማቆየት

ለጥሬ የሚሆነውን የሁለት ወይም የሦስት ቀን ድርሻ ከጥርት ያለው ክፍል ላይ ያስቀሩ። እስኪፈለግ ድረስ ሳይታጠብ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ከታጠበ ደግሞ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ መጠፈፍ አለበት፣ ምክንያቱም ቅጠሉ ላይ የሚቀር ውሃ መበስበስን ያፋጥናል። በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ወይም በወጥ ቤት ወረቀት ጠቅልለው፣ ከረጢት ውስጥ አድርገው፣ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች ግን በረዶ በማይሠራበት ቦታ ያኑሩት፤ ወረቀቱ ሲርስ ይለውጡት። ከበሰለ ሙዝ፣ ከፖምና ከቲማቲም አርቀው ማስቀመጥዎን አይርሱ። እነዚህ ፍሬዎች ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ስለሚያወጡ፣ በዚያው መሳቢያ ያለ ሰላጣ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይፈጥራሉ።

የጠወለገውን መመለስ

የጠወለገ ቅጠል ውሃ አነሰው እንጂ አልሞተም። የግንዱን ጫፍ በስሱ ቆርጠው፣ ቅጠሎቹን በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ በረዶ ካለም በረዶ ጨምረው፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይንከሯቸው፤ ሕዋሳቱ ውሃ ስበው ሲሞሉ ቅጠሉ ተመልሶ ይቆማል። እንዲህ የተመለሰ ሰላጣ ግን በድጋሚ የሚቀመጥ አይደለም፤ በዚያው ቀን ይብሉት ወይም ያብስሉት። ለጥሬ የሚውለውን ሁሉ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ያጥቡ፣ ሳሙና አይጠቀሙ። እጥበት አፈርና ብዙ ጀርሞችን ቢያነሳም ሁሉንም እንደማያጠፋ ማወቅ ተገቢ ነው፤ ለዚህም ነው የበሰለ ሰላጣ ከጥሬው ይልቅ አስተማማኝ የሚሆነው።

ማብሰል

ብዙ ትርፍ በአንድ ቀን ለመጨረስ ከሾርባ የሚሻል አላገኘሁም፤ የውጪዎቹን ጠንከር ያሉ ቅጠሎች እንኳ ሳይቀር ይቀበላል። ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ ያህል ሰላጣ፣ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ትልቅ ድንች፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤና አንድ ሊትር ያህል ውሃ ወይም መረቅ ያስፈልጋል። ቀይ ሽንኩርቱን ቀለሙ ሳይለወጥ እስኪለሰልስ ካቁላሉ በኋላ ነጭ ሽንኩርቱንና በትንንሹ የተከተፈውን ድንች ይጨምሩ፤ ውሃውን ጨምረው ድንቹ እስኪፈርስ ድረስ 15 ደቂቃ ያህል ይቀቅሉ። ሾርባውን የሚያወፍረው ድንቹ ስለሆነ አይተዉት። ሰላጣውን የሚጨምሩት ከዚህ በኋላ ነው፤ ድስቱን ሳይከድኑ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ ያፍሉትና ይፍጩት። በመፍጫ የሚፈጩ ከሆነ ትኩስ ፈሳሽ በእንፋሎቱ ክዳኑን ስለሚያስፈነጥር ከግማሽ በላይ አይሙሉት፣ እንፋሎቱም የሚወጣበት ክፍተት ይተዉለት። ሎሚ የሚወዱ ሰዎች በየሳህናቸው ላይ ይጨምሩ እንጂ ድስቱ ውስጥ አይጨመርም፤ ሙቀትና አሲድ አንድ ላይ ሲሆኑ የቅጠሉን አረንጓዴ ቀለም ወደ ደብዛዛ ቡናማ ይለውጡታል። ይህ ሾርባ በፍጥነት ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከገባ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል።

ፈጣኑ መንገድ መጥበስ ነው። መጥበሻውን በደንብ አግለው፣ ዘይቱ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ለጥቂት ሰከንድ ካቁላሉ በኋላ የደረቀውንና በሰፋፊው የተቆረጠውን ሰላጣ ጨምረው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ያማስሉ። ጨው ውሃን ከቅጠሉ ስለሚስብ የሚጨመረው መጨረሻ ላይ፣ ከእሳት ሊወርድ ሲል ነው። አረንጓዴ አተር እየበሰለ ባለበት ድስት ላይ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የተከተፈ ሰላጣ መጨመርም ጥሩ ውጤት ይሰጣል፤ አተሩ የቅጠሉን ውሃ ይጠጣል፣ ተጨማሪ ውሃም አያስፈልገውም።

ወደ አበባ መሄድ የጀመረ ሰላጣ ይመርራል፤ ሲቆረጥም ነጭ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል። ጥሬውን ለመብላት አያስደስትም፣ ነገር ግን ለአንድ ደቂቃ በፈላ ውሃ ነክሮ ውሃውን በመድፋት መራራነቱን መቀነስ ስለሚቻል ለሾርባ ይሆናል።

ለኋላ ማስቀመጥ

ጥሬ ቅጠልን በፍሪዘር አስቀምጦ በኋላ እንደ ጥሬ ለመብላት መጠበቅ ከንቱ ነው። ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሲሠራ ሕዋሳቱን ስለሚቀድዳቸው፣ በረዶው ሲቀልጥ የሚገኘው የራሰ ጨርቅ የመሰለ ቅጠል ነው። ለማብሰያ ግን ይህ ጉዳት ስለማይሆን፣ ሰላጣውን ለ1 ደቂቃ በፈላ ውሃ አስገብተው፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቀዝቅዘው፣ ጨምቀውና ፈጭተው በበረዶ መሥሪያ ሳጥን ያቀዝቅዙት። ሲጠጥር ወደ ከረጢት ይገልብጡትና ቀኑን ጽፈውበት በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያኑሩት፤ ሾርባ ወይም ስጎ በሚሠራበት ቀን ሳይቀልጥ በቀጥታ ድስት ውስጥ ይገባል። ከዘይት፣ ከለውዝና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ፈጭተው ማባያ ካዘጋጁም ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑረው በጥቂት ቀን ውስጥ ይጨርሱት ወይም ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት፤ ዘይት ውስጥ ያለ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ከማቀዝቀዣ ውጪ ከቆየ አደገኛ መርዝ የሚፈጥር ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል።

ሰላጣውን የሚያበቅሉት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ሙሉውን ራስ ከመንቀል ይልቅ፣ ጠዋት ቅጠሉ ውሃ ሞልቶት ሳለ ለዕለቱ የሚበቃዎትን ያህል የውጪውን ቅጠል ብቻ ይቁረጡ። መሃሉ ማደጉን ይቀጥላል፤ ቀጣዩንም ዘር በአንድ ቀን ከመጨረስ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቢዘሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይደርስብዎትም።