የጦርነት ልቦለድ ስናነብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ብርሃን ላይ የሐምሌ ብርድ ሲገባ ከጋቢ ወጥቶ የትም አይኬድም። እኔ ልቦለድ የማነበው ያኔ ነው። የወታደር ታሪክ ነፍሴ ነው። ግን ለዓመታት ሳነበው የኖርኩት ተሳስቼ ነው። ምን ምን እንደተሳሳትኩ ልንገራችሁ።

በፉከራ ጆሮ ማንበብ

ይሄ የእኛ የሸዋዎች በሽታ ነው። በሠርግ በድግሱ ሽለላና ፉከራ እየሰማን አድገናል። ፎካሪው የራሱን ስም ይጠራል፣ የአባቱን ይጠራል፣ ግዳዩን ይቆጥራል። እዚያ ገዳይና ሟች ይተያያሉ። በዘመናዊ ጦርነት ግን መድፍ የተኮሰው ሰው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። ማንን እንደመታ አያውቅም። እኔ ይሄን ሳላስብ፣ ምሽግ ውስጥ ተኮራምቶ የሚያለቅስ ወታደር ባነበብኩ ቁጥር «ወይ ፈሪ!» እያልኩ መጽሐፍ እዘጋ ነበር። ሰውየው ማን ላይ ይፎክር? አፈር ላይ?

ተኩስ ፍለጋ ገጽ መዝለል

በ1929 እ.ኤ.አ. የታተመውን የኤሪክ ማሪያ ሬማርክን «በምዕራቡ ግንባር ምንም አዲስ ነገር የለም» እንውሰድ። ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ወታደሮች ነው። የሚጀምረው በምግብ ነው። ወጥ ቤቱ ለ150 ሰው አብስሏል፤ ከግንባር የተመለሰው 80 ነው። ወታደሮቹ ድርሻችን እጥፍ ይሆናል ብለው ደስ ብሏቸዋል። ወጥ ቤቱ ደግሞ «ለ80 ሰው የ150 ሰው ምግብ አልሰጥም» ብሎ ድርቅ ይላል። ጭቅጭቅ ነው። መጀመሪያ ሳነበው «ምን ወሬ ያበዛል፣ ውጊያው የታለ?» ብዬ ዘለልኩት። ውጊያው እኮ እዚያው ድስቱ ውስጥ ነበር። ሰባ ሰው አልመጣም፤ የቀሩት ጠግበው ሊበሉ ነው።

ልቦለዱን የክስ መዝገብ ማድረግ

«ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጣ። በዓሉ ግርማ ደርግ ኤርትራ ውስጥ በአማፅያን ላይ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ አይቶ ነው የጻፈው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚያነበው «ይሄ ገጸ ባሕሪ በእውኑ ማን ነው?» እያለ ነው። እኔም ጠርዙ ላይ በእርሳስ የሰው ስም ስሞላ ነበር። ስጨርሰው ስለ ተራኪው ስለ ፀጋዬ የማወራው አልነበረኝም። ጋዜጠኛ እንጂ ወታደር አለመሆኑን እንኳ ልብ አላልኩም። ለማን ሥራ እንደሄደ ካልያዛችሁ፣ መጀመሪያ ላይ ያለው የአስመራ ሽር ጉድ ዝም ብሎ ጌጥ ይመስላችኋል።

ማዕረግ አለመለየት

ይሄ ቀላል ነው። ጋንታ ከሻምበል ያንሳል፣ ሻምበል ከሻለቃ። ሻምበልና ሻለቃ የሰው ማዕረግም የጦር ክፍልም ስም ናቸው። «ሻምበሉ አለቀ» ሲል አንድ ሰው ሞተ ብላችሁ እንዳታልፉት።

ለማንም ማዋስ

በኅዳር 2014 ጦርነቱ ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። ቤቱን ጥሎ የሸሸ ሰው አሁንም ጎረቤታችን ነው። «ግሩም መጽሐፍ ነው፣ አንብበው» ከማለታችሁ በፊት ሰውየውን እወቁት። እኔ አንዷን ሳልጠይቅ ሰጥቻት፣ በማግስቱ በልጅ ላከችልኝ።

የዘመተን ሰው ምስክር ማድረግ

ጎረቤታችን ጋሼ የድሮ ወታደር ናቸው። አንድ ቀን የውጊያ ገጽ አነበብኩላቸውና «እውነት እንዲህ ነው ጋሼ?» አልኳቸው። ቡናቸውን ጨርሰው «እስቲ ከብቶቹን ልይ» ብለው ወጡ። ለሳምንት አልመጡም።

በኋላ ያንን የወጥ ቤቱን ጭቅጭቅ አነበብኩላቸው። ምንም አልጠየቅኳቸውም። ሳቁ። ቀጥለው ስለ ኮቾሮ፣ ስለ ወታደሩ ደረቅ ብስኩት አወሩኝ፤ ጥርስ እንደሚሰብር፣ ኮዳ ክዳን ላይ ሻይ አድርገው እንዴት እንደሚያረጥቡት። «ሁለት ሆነን ነበር አንዱን የምንነክረው» አሉ። ሁለተኛው ማን እንደነበረ አልነገሩኝም።