ግብርን ሰበብ ያደረገ የማጭበርበሪያ ስልክ ሲደወል

«ከግብር መሥሪያ ቤት ነው። ውዝፍ ዕዳ አለብዎት፤ ዛሬውኑ ካልከፈሉ የእስር ማዘዣ ይወጣብዎታል።» አጭበርባሪው የሚፈልገው ስልኩ ሳይዘጋ ገንዘቡ እንዲላክለት ነው። «ለማንም እንዳይናገሩ» የሚለውም አጠገብዎ ያለ ሰው አንድ ጥያቄ ቢያነሳ ነገሩ ስለሚበላሽበት ነው።

ስልክዎ ላይ የሚታየው ቁጥር ማስረጃ አይሆንም። በኢንተርኔት የሚደውል ሰው የመሥሪያ ቤቱ ቁጥር እንዲታይ ማድረግ ይችላል። ሙሉ ስምዎንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎን ማወቁም አያሳምንዎ፤ ከሾለከ መረጃ ወይም ከተጣለ ወረቀት ይገኛል። ይልቅ እንዴት ክፈሉ እንደሚል ልብ ይበሉ። በስጦታ ካርድ (ቀድሞ ገንዘብ በተሞላበት የመግዣ ካርድ)፣ በክሪፕቶ (በዲጂታል ገንዘብ) ወይም በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ ክፈሉ ካለ አጭበርባሪ ነው።

ከማስፈራሪያው ሌላ የሚያታልለው «ተመላሽ ገንዘብ አለዎት» የሚለው ነው፤ ደስ ያለው ሰው ላይጠራጠር ይችላል። ደዋዩ «አሁን የሚደርስዎትን ኮድ ያንብቡልኝ» ይላል። ኮዱን አይንገሩት፤ መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ ብዙ ጊዜ የተላከው ወደ ሒሳብዎ ለመግባት ወይም ገንዘብ ለማስተላለፍ ነው። ገንዘብ ለመቀበል የማረጋገጫ ኮድም ሆነ የሚስጥር ቁጥር አያስፈልግም።

ስለዚህ አይከራከሩ፣ «1ን ይጫኑ» ቢባሉም አይጫኑ፤ ይዝጉት። ከዚያ ቀድሞ ከደረሰዎት ደብዳቤ ላይ ወይም ራስዎ ከከፈቱት የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን ወስደው ይደውሉ። ደዋዩ በሰጠዎት ቁጥር ከደወሉ የሚያነሳው ግብረ አበሩ ነው። የተደወለልዎት በመደበኛ ስልክ ከሆነ በሌላ ስልክ ይደውሉ፤ ደዋዩ ካልዘጋ መስመሩ ለጥቂት ጊዜ ክፍት ሊቆይ ይችላል። በእርግጥ ዕዳ ካለብዎት የግብር ዘመኑንና የገንዘቡን ልክ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ገንዘብ ልከው ከሆነ መጀመሪያ ባንክዎ ጋ ይደውሉ፤ ገንዘቡ ወጪ ካልሆነ ሊታገድ ይችላል። ፖሊስ ጋ ከዚያ ይሄዳሉ፤ የተደወለበትን ሰዓት፣ ቁጥሩንና መልእክቶቹን ይዘው። የስጦታ ካርድ ቁጥር ሰጥተው ከሆነ ካርዱንና ደረሰኙን ሳይጥሉ ካርዱን ላወጣው ድርጅት ያሳውቁ። ስልክዎን ከርቀት የሚቆጣጠር መተግበሪያ አስጭነውዎት ከሆነ ኢንተርኔቱን ያጥፉ፣ የይለፍ ቃሎችዎን በሌላ ስልክ ይቀይሩ።

ቆይቶ «የጠፋብዎትን ገንዘብ እናስመልሳለን፤ የአገልግሎት ክፍያ ያስቀድሙ» የሚል ሌላ ደዋይ ሊመጣ ይችላል። የተታለሉ ሰዎች ዝርዝር ከአጭበርባሪ ወደ አጭበርባሪ ይሸጣልና ለእሱም ምንም አይክፈሉ።