ማይክሮዌቭና ውሃ፦ ወሬውን ተዉት፣ ሲኒውን ተጠንቀቁ

ደሴ ላይ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ። ማይክሮዌቭ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ብልሽቱን ነግሮኝ ሳይጨርስ አንድ ጥያቄ ያስከትላል። “ውሃውን መርዝ ያደርገዋል የሚሉት እውነት ነው እንዴ?”

አብሽሩ። ሁለት ሃይድሮጂንና አንድ ኦክስጅን ሆኖ ይገባል፣ እንደዚያው ሆኖ ይወጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤት ማይክሮዌቭ ሞገድ በሴኮንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የውሃ ሞለኪውል ደግሞ አንዱ ጫፉ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ነው። ሞገዱ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር አብሮ ለመዞር ይታገላል፣ ከጎኑ ካሉት ጋር ይጋፋል። ሙቀቱ የሚመጣው ከዚያ ግፊያ ነው። ሃይድሮጂኑን ከኦክስጅኑ ለመነጠል ግን የዚህ ሞገድ አንዲት ቅንጣት ከያዘችው ጉልበት መቶ ሺህ እጥፍ ቢሆን እንኳ አይበቃም። ማሽኑ ሲጠፋ ሞገዱም ያበቃል፤ ውሃው ውስጥ የሚቀር ጨረር የለም።

የሚለወጥ ነገር አለ ከተባለ ውሃው ውስጥ የሟሟው ነው። አየር ይወጣል፤ የክሎሪን ሽታም ይቀንሳል። ካልሲየም የበዛበት፣ ጠጣር የሚባለው ውሃ ከሆነ ካልሲየሙ ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ማንቆርቆሪያችሁ ግርጌ የሚጋገረው እሱ ነው። ይህ ሁሉ ግን በከሰልም፣ በምድጃም ይሆናል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጣዕሙ የሞተባችሁ ከሆነ ከአንዱ ንጹሕ ብርጭቆ ወደ ሌላው ከፍ አድርጋችሁ ገልብጡት፣ አየሩን መልሶ ያገኛል።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ዕቃውን ምረጡ። አፉ ላይ የወርቅ ቀለም የተቀባ ሲኒ እዚህ የሌለበት ቤት የለም። ያ ቀለም ብዙውን ጊዜ ብረት ነው፤ ውስጥ ሲገባ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ጠርዙም ይጠቁራል። ሰዉ ማሽኑ የተቃጠለ መስሎት እኔ ጋ ይሮጣል። ጀበናም አይግባ። ሸክላ ውሃ ይመጣል፤ ራሱ ግሎ ሊሰነጠቅ ይችላል። (አቦልን በማይክሮዌቭ ለማፍላት ያሰበ ካለ ደግሞ ከእኔ ጋር ባይነጋገር ይሻላል።) የሃይላንድ ፕላስቲክም ለዚህ አልተሠራም፤ ሲሞቅ ከፕላስቲኩ ኬሚካል ወደ ውሃው ሊገባ ይችላል። መርዝ መርዝ የምትሉ ከሆነ መፍራት ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው።

ብረት ባይኖረውም ዕቃችሁን ከተጠራጠራችሁ ባዶውን አስገቡት፣ አጠገቡ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀምጡ፣ አንድ ደቂቃ አብሩ። ውሃው ሞቆ ባዶው ዕቃ ከቀዘቀዘ ይሆናል። ባዶው ራሱ ከጋለ ለዚህ ሥራ አይደለም። ያለ ውሃ ግን ባዶ ማሽን አታስነሱ፤ ሞገዱ የሚመጠው ነገር ሲያጣ ወደ ማግኔትሮኑ፣ ማለትም ሞገዱን ወደሚያመነጨው ክፍል፣ ይመለሳል። ማግኔትሮን ደግሞ ርካሽ አይደለም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ የ100 ዲግሪውን የመጽሐፍ ቁጥር እርሱት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ስትወርዱ 94 ይጠጋል። አንድ ሩብ ሊትር የደሴ ቀዝቃዛ ውሃ በ700 ዋት ማሽን ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ቮልቴጅ በወረደበት ምሽት ከዚህም ይቆያል፤ ማሽኑን አትውቀሱት።

አሁን ዋናው አደጋ። ጎኑ ለስላሳ በሆነ አዲስ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ውሃ የመፍያ ነጥቡን አልፎም ዝም ሊል ይችላል። አረፋ የሚነሳበት ጭረት ወይም ሻካራ ነገር አያገኝም። ላዩ የተኛ ይመስላል። ስኳር ወይም የሻይ ከረጢት ጣል ስታደርጉበት በአንዴ ገንፍሎ እጅና ፊት ያቃጥላል። መላው ቀላል ነው። ከማሞቃችሁ በፊት የእንጨት ማንኪያ ክተቱበት፤ አረፋው እዚያ ላይ ይነሳል። በየደቂቃው አቁማችሁ አማስሉ። የፈላውን ደግሞ እየፈላ መልሳችሁ አታብሩበት። ሲጠፋ ወዲያው አታንሱት፤ አንድ ደቂቃ ያህል ይረፍ፣ ከዚያ ፊታችሁን ዞር አድርጋችሁ ነካ አድርጉት።

ውሃውን የምታሞቁት ተሕዋስያን ለመግደል ከሆነ ማይክሮዌቩን ተዉትና ምድጃ ላይ ጣዱ። ማይክሮዌቭ እኩል አያሞቅም፤ አንዱ ጋ ሲፈላ ሌላው ጋ ለብ ያለ ይቀራል። ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውሃው እየተንተከተከ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ደሴም ደጋው ወሎም እዚህ ውስጥ ነው። የሕፃን ጡጦም በማይክሮዌቭ አይሞቅም። ጡጦው በእጅ ሲነካ ለብ ያለ መስሎ መሃሉ ያለው ወተት የልጁን አፍ ሊልጥ ይችላል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ከዚያ ክንዳችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩት።